ማስተካከያ፦ ስለ ፊሽ ሌክና ስለ ፕሮስፐሪቲ ማዕድን

በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ስለታቀደው የፕሮስፐሪቲ የወርቅና የመዳብ ማዕድን ባወጣነው ጽሑፍ፣ «ኩባንያው ፊሽ ሌክ የተባለውን ሐይቅ ከማድረቅ ሌላ አማራጭ ስላላጠና የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ውድቅ አደረገው» ብለን ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነው።

የክፍለ ሀገሩ መንግሥትማ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ፈቅዶ ነበር። የከለከለው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2።

አማራጭም ተጠንቷል። ታሴኮ የተባለው ኩባንያ ከማጣሪያው የሚወጣው ዝቃጭ የሚጠራቀምባቸውን ሌሎች ቦታዎች አይቶ፣ አያዋጡም ብሎ ትቷቸው ነበር። ከክልከላው በኋላ ግን ሐይቁን የማያደርቅ ዕቅድ ይዞ ተመለሰ። ማጠራቀሚያው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ከሐይቁ ራቀ፤ ወጪው በ300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጨመረ። በእኛ ዕይታ የነገሩ ፍሬ ይኸው ነው፦ አማራጭ አልጠፋም፤ የመጀመሪያው ሰነድ «አይሆንም» ያለው ነገር ክልከላ ሲመጣ «ይሆናል» ሆነ። (እኛ ደግሞ ሰነዱን ሳናገላብጥ «አልተጠናም» አልን።)

አዲሱም ዕቅድ አላለፈም። ዕቅዱን የመረመረው የፌዴራል ገምጋሚ ቡድን በ2013 ባወጣው ሪፖርት ከማጠራቀሚያው የሚሰርገው ውኃ የሐይቁን ጥራት ክፉኛ ይጎዳል አለ፤ በፌብሩዋሪ 2014 ዳግም ተከለከለ።

የአገሬው የጺልኮቲን ሕዝብ ሐይቁን ቴዝታን ቢኒ ይለዋል። ስሙን መዝለላችንም ጉድለት ነበር፤ በጽሑፉ ላይ አክለነዋል።