«በቴክኒክ ነው ያመለጠችው»?

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ወሬው ወደ ኒውዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ወደ ሌቲሺያ ጄምስ ዞረ። አንድ የማከብራቸው፣ ዜና የማያመልጣቸው አዛውንት የቡና ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ሴትዮዋ በቴክኒክ ነው ያመለጠችው» አሉ። ቀጠሉና «እሷም ትራምፕን በፖለቲካ ከሰሰች፣ እሷም በፖለቲካ ተከሰሰች። እኩል ናቸው» አሉ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ነገር የሰማሁት ከእሳቸው ብቻ አይደለም። ያገራችን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እሰማዋለሁ።

መጀመሪያ «ቴክኒክ» የተባለውን፣ ማለትም በአሠራር ጉድለት ብቻ ነው ያመለጠችው የሚለውን እንየው። ኖቬምበር 24 ቀን 2025 ዳኛ ካሜረን ከሪ የፌደራል መንግሥት በጄምስ ላይ የከፈተውን የቤት ብድር ክስ ዘጉት። ክሱን ያቀረቡት ሊንዚ ሃሊጋን በሕጉ መሠረት አልተሾሙም አሉ። መንግሥት ክሱን እንደገና እንዳያቀርብ ግን አልከለከሉም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ «ቴክኒክ ነው» የሚለው ሰው አፍ ይኖረው ነበር።

ግን አልቆመም። የፌደራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ያንኑ ክስ ተሸክሞ ዲሴምበር 4 ኖርፎክ ውስጥ ለግራንድ ጁሪ፣ ክስ ይውጣ አይውጣ ለሚወስኑ ተራ ሰዎች ስብስብ፣ አቀረበ። እምቢ አሉት። በሳምንቱ ዲሴምበር 11 እዚሁ አሌክሳንድሪያ ለሌላ ግራንድ ጁሪ አቀረበ። አሁንም እምቢ አሉት።

ግራንድ ጁሪ ፊት ተከሳሽ አይቀርብም። የተከሳሽ ጠበቃ አይገባም። መስቀለኛ ጥያቄ የለም። ዐቃቤ ሕጉ ብቻውን ገብቶ የመረጠውን ማስረጃ ያሳያል፣ የመረጠውን ምስክር ያሰማል። ጁሪዎቹ «ጥፋተኛ ናት» በሉ አይባሉም። የሚጠየቁት ለመክሰስ የሚበቃ ምክንያት መኖሩን ብቻ ነው። ከ16 እስከ 23 ከሚሆኑት ሰዎች 12ቱ ከተስማሙ ክሱ ይወጣል። ሜዳው ሙሉ በሙሉ ለከሳሹ የተደላደለ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ መሸነፍን ቴክኒክ ብሎ የሚጠራ ሰው ቃሉን አያውቀውም። ኦክቶበር ላይ የመጀመሪያው ጁሪ ክሱን አሳልፎት ነበር፤ አዎ። ግን ከዚያ ወዲህ ያንኑ ክስ ያዩ ሁለት ጁሪዎች አልተቀበሉትም። ሁለተኛውን እምቢታ የሰጡት ደግሞ ከዚሁ ከኛ አካባቢ የተጠሩ ሰዎች ናቸው። ገበያ አብረውን የሚሰለፉ፣ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር የሚማሩ።

ክሱ ራሱ ምን ነበር? ጄምስ በ2020 ኖርፎክ ውስጥ ለገዙት ቤት 109,600 ዶላር ሲበደሩ ስለ ቤቱ አገልግሎት ዋሽተዋል የሚል። በዚህም በብድሩ ዘመን ሁሉ 18,933 ዶላር አትርፈዋል ብሎ መንግሥት አሰበ። እሳቸው አልዋሸሁም ብለዋል። ይህ ክስ ከመምጣቱ በፊት ሴፕቴምበር 20 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በአደባባይ ለፍትሕ ሚኒስትራቸው መልእክት ጻፉ። እነ ሌቲሺያ ለምን እስካሁን አልተነኩም የሚል ነው። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የአካባቢው የፌደራል ዐቃቤ ሕግ ከሥራቸው ወጥተዋል። በቦታቸው የመጡት ከዚያ በፊት ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሠርተው የማያውቁት፣ የትራምፕ የግል ጠበቃ የነበሩት ሃሊጋን ናቸው። በሃያ ቀን ውስጥ ክሱ ወጣ።

«እኩል ናቸው» የተባለው ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ሌቲሺያ ጄምስ ብሩክሊን ውስጥ ስምንት ልጆች ካሉበት ቤት የወጡ ሰው ናቸው። ሕግ የተማሩት ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሀበሻ ልጅ የሚያውቀው ግቢ። ሥራ ሲጀምሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ተከሳሾች ይቆሙ ነበር። በ2003 የአካባቢያቸው የከተማ ምክር ቤት አባል እዚያው ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ጄምስ ለዚያ ወንበር ሲወዳደሩ የዴሞክራቶቹ እጩ ሌላ ሰው ነበር። እሳቸው በትንሹ ወርኪንግ ፋሚሊስ ፓርቲ ስም ብቻ ቀርበው አሸነፉ። በ2013 በኒውዮርክ ከተማ አቀፍ ሥልጣን ላይ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በ2018 ደግሞ ለግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግነት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት። ከሳቸው በፊት ባርባራ አንደርውድ ቦታውን ይዘውት ነበር፤ ግን ተሹመው ነው። በመላው ኒውዮርክ ግዛት ሕዝብ ድምፅ ሥልጣን የያዘች ጥቁር ሴት ከጄምስ በፊት አልነበረችም።

እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው የሚሳሳተው። እኛ አገር ዐቃቤ ሕግ ከላይ ይሾማል። ሿሚውን አይነካም፤ የሿሚውን ጠላት ነው የሚያሳድደው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ሲባል ወዲያው «የማን ሰው ነው?» እንላለን። ጥያቄው ከኑሮ የመጣ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ይህን መለኪያ ጄምስ ላይ ያደረገ ሰው አንድሩ ኩሞን ማለፍ አይችልም።

ኩሞ የኒውዮርክ ገዥ ነበሩ። ዴሞክራት ናቸው። በ2018 ጄምስ ለዐቃቤ ሕግነት ሲወዳደሩ ድጋፋቸውን የሰጡ ኩሞ ናቸው። ያኔ የጄምስ ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ትልቁ ስጋት «የኩሞ ሰው ናት፣ እሱን አትነካም» የሚል ነበር። ምን ተፈጠረ? ጃኑዋሪ 2021 ላይ ኩሞ በኮቪድ ጀግንነታቸው አገር በሚያጨበጭብላቸው ሰዓት፣ የጄምስ መሥሪያ ቤት ሪፖርት አወጣ። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች የሞቱት ሰዎች ቁጥር እስከ 50 በመቶ አንሶ ሳይነገር እንዳልቀረ ጻፈ። የሞቱት የሰው እናትና አባት ነበሩ። ብዙ ዴሞክራት ባለሥልጣን ዝም ባለበት ጊዜ ነው ይህ የተጻፈው።

ወዲያው ሴቶች በኩሞ ላይ ተነሱ። ኩሞ መርማሪውን ራሳቸው ሊመርጡ ፈለጉ። ጄምስ እምቢ አሉ። ከዋናው ዳኛ ጋር ሆነሽ ምረጪ ተባሉ። አሁንም እምቢ። ሙሉ ሥልጣን ካልተሰጠኝ አልነካውም አሉና አገኙ። ምርመራውን ከውጭ ለመጡ ሁለት ጠበቆች ሰጡ። 179 ሰዎች ተጠየቁ። ኦገስት 3 ቀን 2021 165 ገጽ ሪፖርት ወጣ። ኩሞ 11 ሴቶችን በወሲብ ትንኮሳ አስቸግረዋል አለ። በሳምንቱ ኩሞ ሥልጣን እንደሚለቁ ተናገሩ። እስከ ዛሬ አላደረግሁም ይላሉ፤ በወንጀል የተከፈተባቸው አንድ ክስም ተዘግቷል። ግን ጃኑዋሪ 2024 ላይ በባይደን ጊዜ የነበረው ፍትሕ ሚኒስቴር ራሱ የሴቶቹን ቁጥር ቢያንስ 13 አድርሶታል።

ያን ጊዜ የኩሞ ሰዎች «ያጎረሰ እጁን ተነከሰ» የሚል ስሜት ነበራቸው። ኩሞ «ፖለቲካ ነው» አሉ። ትራምፕም «ፖለቲካ ነው» አሉ። አንዱ የራሷ ፓርቲ ሰው፣ ሌላው የተቃራኒው፤ ቃሉ ግን አንድ። ጄምስ ኋላ ለገዥነት ተወዳድረዋል ይሉኛል። ተወዳድረዋል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ በራሳቸው ትተውት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለሥልጣን ብለው ነው የሚል ሰው ሥልጣን ያጎረሳቸውን ሰው መንካት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያስብ።

ጄምስ «ንብረቱን አጋንኖ ባንኮችን አጭበርብሯል» ብለው በትራምፕ ላይ ያቀረቡትን የፍትሐ ብሔር ክስም አልሸሽም። በ2018 ምርጫ ስለ ትራምፕ የተናገሩት ባይናገሩት ይሻል ነበር። ይህን እሰጣለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልሰጥም። ኦገስት 2025 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግዙፉን ቅጣት ከመጠን በላይ ነው ብሎ ሰረዘው። የማጭበርበር ብያኔውን ግን አልሰረዘም፤ ዳኞቹ እርስ በርስ ቢከፋፈሉም። «ባንኮቹ ተከፍሏቸዋል፣ ማን ተጎዳ?» የሚሉ አሉ። ትራምፕ 10,996 ስኩዌር ፊት የሆነውን አፓርታማቸውን 30,000 ነው ብለው ለዓመታት በወረቀት አስፍረዋል። ከኛ መሃል አንዱ 1,100 ስኩዌር ፊት ኮንዶውን 3,000 ነው ብሎ ለባንክ ቢፈርም «ማን ተጎዳ?» የሚለው ማን ነው? በ18,933 ዶላር ጄምስ ካልታሰረች የሚለውስ ሰው ለእሱ ጠበቃ ይቆምለታል?

ደግሞ ሥራቸው ትራምፕና ኩሞ ብቻ ይመስል! ኖቬምበር 2023 ላይ ኡበር 290 ሚሊዮን፣ ሊፍት 38 ሚሊዮን ዶላር ለኒውዮርክ ሾፌሮች እንዲከፍሉ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ኩባንያዎቹ ከሾፌር ገቢ ላይ ተሳፋሪው መክፈል የነበረበትን ታክስና ሌላ ክፍያ ሲቆርጡ ኖረዋል። ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው። በዚህች ከተማ ከኛ ውስጥ መሪ ይዞ ልጅ ያላሳደገ ስንት ነው? እኚያ አዛውንት ራሳቸው ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል።

አርባው ቅዳሜ ነው። እኚህ ሰው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ከጎናቸው እቀመጣለሁ፤ ቡናው እስኪመጣም አልጠብቅም። «አባባ፣ ኩሞስ?» እላቸዋለሁ።