አውሮፕላን እስኪናወጥ የሚጠብቅ ትንበያ

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በኦማሃ (ነብራስካ) እና በራፒድ ሲቲ (ሳውዝ ዳኮታ) የአየር ሁኔታ መለኪያ መሣሪያ ተሸክሞ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ፊኛ መልቀቅ ማቆሙን፣ በሌሎች ስድስት ጣቢያዎች ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ ይለቅ የነበረውን ወደ አንድ መቀነሱን አስታውቋል። የተሰጠው ምክንያት የሠራተኛ እጥረት ነው፤ እጥረቱ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስል! ከሳምንታት በፊት ሠራተኛ ያሰናበተው ራሱ መንግሥት መሆኑን ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቃል።

ከውሳኔው ይልቅ ያናደደኝ ግን የሚቀርብለት መከላከያ ነው። ሳተላይት ከላይ እያየ፣ አውሮፕላኖችም የአየር ነውጥ ሲያጋጥማቸው ራሳቸው እየተናገሩ፣ ፊኛ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። አውሮፕላን ነውጡን የሚናገረው ከተናወጠ በኋላ ነው። አስተናጋጇ ከነምግብ ጋሪዋ ከጣሪያው ጋር ከተላተመች በኋላ የሚላክ ሪፖርት ለሚቀጥለው አውሮፕላን ይጠቅም ይሆናል፤ ለእርሷ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እ.አ.አ. በታኅሣሥ 1997 ከቶኪዮ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረው የዩናይትድ በረራ 826 በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በጠራ ሰማይ ነውጥ ተመትቶ ቀበቶ ያላሰረች አንዲት መንገደኛ ሞታለች። ያም ነውጥ እኮ ሪፖርት ተደርጓል!

የአውሮፕላን ራዳር የሚያየው የዝናብ ጠብታን ነው። በጠራ ሰማይ ጠብታ ስለሌለ አብራሪው ፊት ለፊቱ ያለው አየር እየታመሰ እንኳ መስታወት የሚመስል ሰማይ ያያል። ሳተላይት ደግሞ አየሩን በኪሎ ሜትር ውፍረት እያማከለ ይለካል፤ ነውጡ ግን ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ውፍረት ባለው ንብርብር ውስጥ ነው። ፊኛው በሰከንድ 5 ሜትር ያህል እየወጣ፣ የሙቀቱንና የነፋሱን ልክ በየሰከንዱ እየላከ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከምድር እስከ ጄት ስትሪም (አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ እስከሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ)፣ ከዚያም ወዲያ፣ አየሩን በየ5 ሜትሩ እየከተፈ ያሳየናል ማለት ነው። በዚህ ክትፎ ላይ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛው የሪቻርድሰን ቁጥር የሚባለው ነው፦ የአየሩ ንብርብር ተረጋግቶ ለመቆየት ያለው ኃይል፣ ነፋሱ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ሲለዋወጥ ከሚፈጥረው ግፊት ጋር ይመዛዘናል፤ ውጤቱ ከአንድ አራተኛ በታች ሲወርድ አየሩ እንደ ባሕር ማዕበል ተጠቅልሎ ሊሰበር ይችላል። ሁለተኛው ስቲቭ ቶርፕ የተባሉት ተመራማሪ በስኮትላንድ ሐይቅ ውስጥ የሠሩበትና በኋላ ወደ ፊኛ መለኪያ የተሻገረው ዘዴ ነው። የረጋ ጠላ ሲበጠበጥ አተላው ወደ ላይ ይወጣል፤ አተላውን ከላይ ያየ ሰው ማሰሮው መነካቱን ያውቃል። በሰማይም ከታች መሆን የሚገባው ከባዱ አየር ከቀላሉ በላይ ተገኝቶ ከሆነ፣ እዚያ ነውጥ አለ፤ ከቦታው ምን ያህል እንደ ራቀም የነውጡን ብርታት ይነግራል። ይህን በቀጥታ የሚያነብ ሳተላይት ካለ ያሳዩን።

ፊኛው በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጣና በነፋስ የሚወሰድ ስለሆነ ብቻውን ለአብራሪ «እዚህ ጋ ተጠንቀቅ» አይልም፤ ይህን አልክድም። የሚለው በኮምፒውተር የሚሰላው የትንበያ ሞዴል ነው፤ ሞዴሉ ደግሞ የሚበላው ያስፈልገዋል። ጄት ስትሪም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳልና በኦማሃ ሰማይ ሳይለካ የቀረው አየር በማግስቱ ያለው ምሥራቁ ጠረፍ ላይ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ አትላንቲክ ነው፤ ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተን ወደ አዲስ አበባ የምንሻገረው በዚያው ነው። የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን አትላንቲክ በአንድ አማካይ ቦታ ላይ ብርቱ የጠራ ሰማይ ነውጥ የሚኖርበት ጊዜ ከ1979 እስከ 2020 በዓመት ከ17.7 ሰዓት ወደ 27.4 ሰዓት አድጓል፤ የ55 በመቶ ጭማሪ ነው። አደጋው ሲጨምር መለኪያውን መቀነስ በየትኛው ሒሳብ ቁጠባ እንደሚባል አላውቅም።

አውሮፕላኖች ሲነሱና ሲያርፉ የሚልኩት የነፋስና የሙቀት ልኬት ጠቃሚ ነው ይባል። ግን እ.አ.አ. በ2020 ኮሮና በረራውን ሲያስቆም ያ ልኬት አብሮ ተመናመነ፤ ፊኛው ግን መውጣቱን ቀጠለ። በአላስካዋ ኮትዘቡ ደግሞ የፊኛ ሥራው በየካቲት 2017 ዓ.ም. ቆሞ ነበር፤ በዚያ የአርክቲክ ጠረፍ ከተማ ፊኛውን የሚተካው የትኛው የአውሮፕላን ሰልፍ ነው? «አውሮፕላኖቹ ይነግሩናል» የሚሉን ሰዎች፣ ባልተለካው ሰማይ ውስጥ ቀድማ ገብታ የምትነግራቸው አውሮፕላን የማን ቤተሰብ የተሳፈረባት እንደሆነች አብረው ይንገሩን።