ለመስመራዊ መኮንኑ የፈቃድ ቀን ይቆረጥለት

በየዓመቱ ጥቅምት 15 የሠራዊቱ ቀን ሲከበር ከመድረኩ ስለ ጄኔራሉና ስለ ተራው ወታደር ብዙ ይነገራል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ከምክትል መቶ አለቃ እስከ ሻምበል ማዕረግ የደረሰው መስመራዊ መኮንን ግን ስሙ ሲነሳ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ የማዕረግ ዕድገት ዝርዝር ሲነበብ ብቻ ነው። ከበላይ የሚመጣው ትዕዛዝ ሁሉ መሬት የሚነካው በእሱ እጅ፣ ከታች የሚነሳው ቅሬታ ሁሉ ወደ ላይ የሚሄደው በእሱ አፍ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ድካሙ፣ ስለ ቤተሰቡና ስለ ዕረፍቱ በአደባባይ መነጋገር ገና አልለመድንም። የእኔ አቋም፣ ለዚህ መኮንን ቀድሞ የሚታወቅ የፈቃድ ቀን መቁረጥ ከአመራር ሥራው ዋና ክፍሎች አንዱ ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል የሚል ነው። እስካሁን በብዙ ቦታ የሚታየው እንደ ውለታ ነው።

አንድ የማውቀው ወጣት መቶ አለቃ በደረት ኪሱ የሚይዛት ትንሽ ደብተር አለችው። በአንዱ ገጽ የጥይትና የሬዲዮ ባትሪ ቆጠራ ሰፍሯል፤ በሌላው ገጽ ደግሞ የሰዎቹ ጉዳይ ተጽፏል፦ እናቱ የታመመችበት፣ ለቤተሰቡ የሰጠው የደመወዝ ውክልና ያልተስተካከለለት፣ ሚስቱ የወለደችለት፣ ከፈቃድ 3 ቀን ዘግይቶ የተመለሰ። እነዚህ ሁሉ መልስ የሚጠብቁት ከእሱ ነው። እሱ ግን አንዱንም ፈቃድ ራሱ አይፈርምም። ጥያቄውን ለሻምበል አዛዡ ያቀርባል፣ የሻምበል አዛዡ ወደ ሻለቃው ያስተላልፋል፣ ከሳምንታት በኋላ «ሁኔታው እስኪረጋጋ ይጠበቅ» የሚል ቃል ይመለሳል፤ ያንን ቃል ፊት ለፊት ቆሞ ለወታደሩ የሚነግረውም እሱ ነው። በደብተሯ ውስጥ የእሱ የራሱ ጉዳይ የተጻፈበት ገጽ የለም።

የወጣት መኮንን የአመራር ፈተና ከዚሁ ይጀምራል። ኃላፊነቱ የሰው ሕይወት ነው፤ ሥልጣኑ ግን በሰዎቹ ጊዜ ላይ እንኳ አይደርስም። በዚህ ላይ የዕድሜና የልምድ ጉዳይ አለ። በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ከነጻነት በኋላ በአብዛኛው ከወታደርነት ተነስተው የመጡትን በአጭር ኮርስ ሲያስመርቅ፣ በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የሐረር ጦር አካዳሚ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶችን ለ3 ዓመት አሠልጥኖ መኮንን ያደርግ ነበር። የሁለቱ ተመራቂዎች እርስ በርስ የሚተያዩበት ዓይን ለየቅል እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ያስታውሳሉ። ዛሬም ሁለቱ በሮች በሌላ መልክ አሉ። ከታች የመጣው መኮንን ወታደሩን ያውቀዋል፣ ትናንት አብሮት ኮቾሮ የበላውን ጓደኛውን ዛሬ መቅጣት ግን ይከብደዋል። በእጩ መኮንንነት የገባው ካርታ ማንበብና ሪፖርት መጻፍ ይችላል፣ ነገር ግን 15 ዓመት ያገለገለ ሃምሳ አለቃ «እሺ ጌታዬ» ብሎት ወደ ራሱ መንገድ ሲሄድ ምን ማድረግ እንዳለበት ኮርሱ ላይ አልተማረም።

ከሁለቱም በር የገቡት ሰዎች የሚሰጡት ምላሽ ግን ይመሳሰላል፤ ሁሉንም ነገር ራሳቸው ለመሥራት ይሞክራሉ። ዘቡን በየሌሊቱ ራሱ ይፈትሻል፣ የቀለቡን ወረፋ ራሱ ይቆጣጠራል፣ ሪፖርቱን ራሱ ይጽፋል፤ ጉድለት ከተገኘ በግምገማ ላይ ስሙ የሚነሳው የእሱ እንጂ የሃምሳ አለቃው አይደለም። ስለዚህ ለበታቾቹ ሥራ አያካፍልም፣ ስለማያካፍልም እሱ ከሌለ መቶዋ፣ ማለትም የሚያዛት 30 ያህል ሰው ያላት ክፍል፣ አትንቀሳቀስም፣ መቶዋ ያለ እሱ ስለማትንቀሳቀስም ፈቃድ መሄድ አይችልም። ይህን አዙሪት ብዙ አዛዦች ለሥራው ያለው ታማኝነት ማስረጃ አድርገው ያወድሱታል። በእኔ ግምት ግን አዛዡ ለሁለት ሳምንት ሲለያት የምትፈርስ መቶ፣ አዛዡ ሲቆስልም በዚያው ቅጽበት ትፈርሳለችና ምስጋናው ቦታውን ስቷል።

መካከለኛው ሰው ጆሮም አፍም መሆን ሲያቅተው ምን እንደሚከተል ታሪካችን በሚገባ መዝግቦታል። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና በሰፈረው ብርጌድ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ፤ የሚቀርብላቸው ምግብም የሚበላ አልነበረም። ወታደሮቹ መኮንኖቻቸውን አሰሩ፣ ሊያነጋግሯቸው ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥም አግተው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ካላቸው ሰዎች የተውጣጣው ደርግ ተቋቋመ። ስለ አብዮቱ ምክንያቶች የሚባለው ብዙ ነው፤ ለእኔ የሚቆረቁረኝ ግን የፓምፑ ጉዳይ ነው። ፓምፕ የአንድ መቶ አለቃ ሪፖርት ሊያስጠግነው የሚችል ዕቃ ነው።

መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሠራዊቱ አባላት ትጥቃቸውን እንደያዙ የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንግበው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ያመሩበት ቀን ነው። አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከወታደሮቹ ጋር ፑሽአፕ ሲሠሩ የታዩበትን ምስል ነው። ከጥያቄው ይልቅ መንገዱን ላየ ሰው ግን፣ የደመወዝ ቅሬታ መቶውን፣ ሻምበሉን፣ ሻለቃውንና ብርጌዱን ሁሉ ዘልሎ ቤተ መንግሥት ደጃፍ መድረሱ በመካከል ያሉት መኮንኖች ወይ እንዳልሰሙ ወይ ሰምተው ለማሰማት አቅም እንዳጡ የሚያመለክት ነው። የራሱ ኪራይ ያልተከፈለለት፣ የራሱ ፈቃድ ሁለት ጊዜ የተሰረዘበት መኮንን የሌላውን ብሶት በትዕግሥት የሚሰማበት ጆሮ ከየት ያመጣል?

የቤተሰቡ ነገር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ሚስት በአንድ ከተማ በኪራይ ቤት፣ ባል ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ በሚወጣበት ቀጠና፤ ደመወዙ በቴሌብር ይደርሳል፣ ድምፁ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ቢሰማ ነው። «መቼ ትመጣለህ?» ለሚለው ጥያቄ «እንጃ» ብሎ መመለስ አንድ ጊዜ ቀላል ነው፤ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ሚስት ልጅ የምታስመዘግብበትንም፣ ቤት የምትቀይርበትንም፣ አማች የሚቀበርበትንም ቀን ያለ እሱ መወሰን ትለምዳለች። ባልም በመጣ ቀን እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በፊት በሰሜን ዕዝ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ብዙ አባላት በሰፈሩበት አካባቢ ትዳር መሥርተው ልጆች ወልደው እንደነበር ይታወቃል፤ ጦርነቱ ሲነሳ እነዚያ ቤቶች ምን እንደገጠማቸው የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ለሴት መኮንኖች ደግሞ ጉዳዩ እጥፍ ነው፤ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ግዳጅ የምትመለስ መቶ አለቃ ሕፃኑን የምትተወው ለእናቷ ነው፣ እናት ከሌለቻት ደግሞ ማዕረጓን ትተወዋለች።

ይህን ሁሉ ስል ወታደር እንደ ባንክ ሠራተኛ ይኑር ማለቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሳምንቱን በ48 ሰዓት ገድቦ፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ፣ ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛም 3 ተከታታይ ቀናት ሲሰጥ፣ የመከላከያ አባላትን ግን አይመለከትም፤ እነሱ በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። ይህ ተገቢ ነው። ምሽግ ውስጥ በሰዓት የሚገባና የሚወጣ ሰው የለም። ስለ ወታደር ሥራና ሕይወት ሚዛን ሲነሳ የሚለካው ቀኑ ወይም ሳምንቱ ሳይሆን ዙሩ ነው፤ ስንት ወር ግዳጅ፣ ስንት ወር ሥልጠናና ዝግጅት፣ ስንት ሳምንት ቤት።

ይህን ደግሞ ሠራዊታችን አሳምሮ ያውቅበታል። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. በኮሪያ የተዋጉት ሦስት የቃኘው ሻለቆች በየተራ ግዳጃቸውን ፈጽመው በተተኪው ሻለቃ ይቀየሩ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት በአብዬ ለአሥር ዓመት ያህል የቆየው ሰላም አስከባሪ ኃይላችንም በዙር የሚተካ ነበር። ለተባበሩት መንግሥታት ግዳጅ የሚሄድ መቶ አለቃ ሲወጣ የሚመለስበትን ወቅት ያውቃል፣ ሚስቱም ታውቃለች፣ የሠርግ ቀን እንኳ በዚያ ልክ ይቆረጣል። ያው መኮንን አገር ውስጥ ሲሰማራ ግን ቀን የለውም። የውጭውን ዙር ማቀድ የቻለ የሰው ሀብት ክፍል የአገር ውስጡን በከፊል እንኳ ማቀድ ያቅተዋል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

«ጦርነት ቀጠሮ አይሰጥም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እውነትነትም አለው። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ግጭቱ ስላልቆመ ብዙ ክፍሎች ከአንዱ ቀጠና ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ከርመዋል። ነገር ግን ዕረፍት ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚህ ዓይነቱ ግዳጅ ነው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ውሳኔው አልኮል እንደቀመሰ ሰው እንደሚዛባ የእንቅልፍ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ይህ ሰው 30 የታጠቁ ወጣቶችን ይዞ ንጹሐን በሚኖሩበት ቀበሌ በሌሊት ሲገባ የውሳኔው ዋጋ የሚከፈለው በሠራዊቱ ብቻ አይደለም። በሰላማዊ ሰዎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት ድካም ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ ሕጉም እኔም ይህን አንቀበልም። ነገር ግን አዛዡን ለወራት ሳያሳርፍ ያሰማራ የበላይ አካልም ከተጠያቂነቱ ድርሻ አለው።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ መስመራዊ መኮንን የሚቀጥለው ፈቃዱ የሚውልበትን ወር ከ6 ወር በፊት ይወቅ። ምስጢር ይሾልካል ለሚሉ፣ የሚታወቀው የአንድ ሰው ወር እንጂ የክፍሉ እንቅስቃሴ አይደለም። ግዳጅ አስገድዶ ፈቃዱ ከተሰረዘ፣ የሰረዘው አዛዥ ምክንያቱንና ምትክ ወሩን በጽሑፍ ያስፍር፤ በቃል የሚሰረዝ ፈቃድ ተጠያቂ የለውምና። መኮንኑ ቤቱ በሚሆንበት ሁለት ሳምንት መቶዋን ምክትሉ ወይም ከፍተኛው ሃምሳ አለቃ ይምራት፤ ይህም በኮርስ የማይገኝ ልምምድ ይሆናል። የሻምበልና የሻለቃ አዛዦች በሚገመገሙበት ጊዜ ደግሞ ስንት ጥይት እንደቆጠሩ ሲጠየቁ፣ በሥራቸው ካሉት መኮንኖች ስንቱ በተቆረጠለት ወር ቤቱ እንደደረሰም ይጠየቁ። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የአንድ ዕዝ አዛዥ ፊርማ ይበቃል፣ ለመጀመርም አንድ ክፍለ ጦር ይበቃል።