አንድ መንገድ፣ አራት ድንበር

ክሎኒስ በአየርላንድ ሪፐብሊክ፣ ሞናሃን በሚባል አውራጃ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጎረቤቷ ፈርማና ደግሞ ሰሜን አየርላንድ ነው፤ ማለትም ብሪታኒያ። ከክሎኒስ ተነስቶ ወደ ካቫን የሚነዳ ሰው በዋናው መንገድ ላይ ድንበሩን አራት ጊዜ ያቋርጣል። ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። ካቫንም ሪፐብሊክ ነው። ሰውየው የትም አገር መሄድ አላሰበም፤ ዘመድ ሊጠይቅ ነው።

ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። የት አገር እንደደረሳችሁ የሚነግራችሁ የአስፋልቱ ጠርዝ ነው። ዳሩ ላይ የተቀባው መስመር ቢጫ ከሆነ ሪፐብሊክ ናችሁ፤ ነጭ ከሆነ የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ገብታችኋል። የፍጥነት ሰሌዳውም አብሮ ይለወጣል። ሪፐብሊኩ በ2005 ወደ ኪሎ ሜትር ዞሯል፣ ሰሜኑ አሁንም በማይል ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። 60 የሚል ሰሌዳ ስታዩ እንግዲህ መጀመሪያ አገሩን አጣሩ።

ከተማዋ ከዚህ ሁሉ ጣጣ በፊት የኖረች ናት። ቅዱስ ቲገርናክ ገዳም የመሠረተባት በ6ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ክብ የድንጋይ ግንቧ ዛሬም ቆሟል። በታላቁ ረሃብ ጊዜ፣ በ1847፣ ካሳንድራ ሃንድ የተባለች የቄስ ሚስት ለድሆች ሴቶች የኪሮሽ ሥራ አመጣች። የክሎኒስ ዳንቴል ስም ያወጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ድንበሩ የመጣው በ1921 ነው። ያሰመሩት ሰዎች አዲስ መስመር ለመሳል እንኳ አልደከሙም። በጓሮና በጅረት እየተጠማዘዘ የኖረውን የድሮውን የአውራጃ ወሰን አንስተው «በሉ ይኸው ድንበር» አሉ። ኋላ ይህን የሚያስተካክል ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1925 ሥራውን ሳይጨርስ ወሬው ሾልኮ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ መንግሥታቱ ደነገጡ፣ ሪፖርቱ መሳቢያ ገባ። ለሕዝብ የታተመው በ1969 ነው። ኮሚቴ የትም አገር ያው ኮሚቴ ነው።

ከ1923 ጀምሮ ጉምሩክ ቆመ፤ ሕዝቡም ሥራ አገኘ። ማለቴ ኮንትሮባንድ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደቡቡ ቅቤ ነበረው፣ ሻይ ግን አጣ፤ ራሽኑ ለአንድ ሰው በሳምንት 14 ግራም ገደማ ድረስ ወርዶ ነበር። አየርላንዳዊን ሻይ መከልከል ሐበሻን ቡና እንደ መከልከል ነው፤ ሕግ አክባሪ የነበረውም ሌሊት መንገድ ይጀምራል። ስለዚህ ቅቤው ወደ ሰሜን ወጣ፣ ሻይ ቅጠሉ ወደ ደቡብ ወረደ።

ከዚያ ዘመን በድንበሩ ዙሪያ ሲወራ የኖረ ጨዋታ አለ። አንዲት ሴትዮ ቅቤውን በቀሚሳቸው ሥር ወገባቸው ላይ ታጥቀው ይመጣሉ። ፊናንሱ ጠርጥሯል፤ ግን ሴት መፈተሽ ነውር ነው። «ብርድ ነው እማማ፣ እሳቱ ዳር አረፍ ይበሉ» ይላቸዋል። ምድጃው አጠገብ ያስቀምጣቸውና ስለ አየሩ፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ወሬውን ይጠርቃል። «ልሂድ ልጄ» ይላሉ። «ኧረ ምን ያስቸኩልዎታል!» ይላል። ቅቤው ቀልጦ በካልሲያቸው ላይ መውረድ ሲጀምር ያን ጊዜ ያሰናብታቸዋል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ፊናንሱን ግን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው እኛም ሰፈር አለ።

ሁለቱ አገሮች በ1973 የአውሮፓን ማኅበር ሲቀላቀሉ ደግሞ የአሳማ ዘመን መጣ። አሳማ ድንበር ሲሻገር የሚከፈል ድጎማ ነበር። ብልጦቹ አሳማውን በፊት ለፊት በወረቀት ያሻግራሉ፣ ገንዘባቸውን ይቀበላሉ፣ ሌሊት በጓሮ ይመልሱታል፣ በማግስቱ እንደገና ያሻግሩታል። ያን ያህል የተጓዘ አሳማ ምን እንደቀረለት እግዜር ይወቀው፤ ሥጋው ሳያልቅ አይቀርም።

ሁሉም ግን ሳቅ አልነበረም። አራት አቅጣጫ ባቡር የሚሄድባት የባቡር መገናኛ የነበረችው ክሎኒስ፣ የሰሜኑ መንግሥት በ1957 በበኩሉ ያለውን ሐዲድ ሲዘጋ ገበያዋ ተመታ። ሰሜኑ ከብሪታኒያ ጋር ይቆይ በሚሉና ወደ ሪፐብሊኩ ይግባ በሚሉ ወገኖች መካከል በተነሣው ግጭት ዘመን ደግሞ የእንግሊዝ ጦር የገጠሩን መንገዶች በፈንጂ ቆፈረ። ገበሬው በትራክተር አፈር አምጥቶ ይሞላል፣ ጦሩ ተመልሶ ይቆፍራል፣ ገበሬው ደግሞ ይሞላል። ለጎረቤት ቀብር ለመድረስ ሩቅ መዞር የሰለቸው ሰው አካፋ ማንሳት ምን ይገርማል?

የከተማዋ ልጅ ባሪ ማክጊጋን በ1985 የዓለም የቦክስ ሻምፒዮን ሲሆን የየትኛውንም ወገን ባንዲራ አልያዘም። የሰላም ርግብ ምልክት ነበር ያደረገው። መዝሙር በሚዘመርበት ሰዓት አባቱ ወጥቶ አንድ የድሮ ዘፈን ያዜም ነበር። ሁለቱም ወገን አጨበጨበ።

ከ1993 ወዲህ የዕቃ ፍተሻው ቀርቷል፤ ግጭቱን ካበቃው የ1998 የሰላም ስምምነት በኋላም ወታደሩ ሄደ። መንገዱ የተከፈተው ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ አየርላንድ የሚኖር ወገናችን ለሰሜኑ የብሪታኒያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከክሎኒስ ካቫን ደርሶ ሲመጣ፣ በሕጉ ዓይን ብሪታኒያን አራት ጊዜ ያለ ቪዛ ረግጧል ማለት ነው፤ ሁለቴ ሲሄድ፣ ሁለቴ ሲመለስ። ያውም ለሠርግ ይሆናል። ከሪፐብሊኩ ሳይወጡ የሚያደርሱ የገጠር መንገዶች አሉ። ጠባብ ናቸው፣ ላምና ትራክተር ይበዛባቸዋል፤ ሠርግ ያለበት ሰው በጠዋት ይነሳ።