ቡና የማይቆላበት ቤት

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ስልኬን የሰጠው የጋራ ወዳጃችን ነው። ሲያትል ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ከሦስት ሰዎች ጋር የሚጋራው ቤት ኪራይ ስለጨመረበት አሮጌ ቫን ገዝቶ እዚያ ሊገባ አስቧል። "ጋሼ፣ እርስዎም ኖረውበታል ሲሉኝ ነው የደወልኩት" አለኝ። "እንዴት አድርጌ ነው ሰው ሳያውቅብኝ የምኖረው?"

ጥያቄውን ልብ በሉልኝ። የት እንደሚታጠብ አልጠየቀኝም። ብርዱን እንዴት እንደሚችለውም አልጠየቀኝም። "ሰው ሳያውቅብኝ" ነው ያለው።

አዎ፣ ኖሬበታለሁ። ስምንት ወር፣ ብርዱንም ዝናቡንም ጨምሮ። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቀኝን ልመልስለት። የማልስማማበትን ከዚያ በኋላ እነግረዋለሁ።

መኪናዋ ነጭ ትሁን። የቧንቧ ሠራተኛ መኪና የምትመስል። ጣሪያዋ ላይ መሰላል ከታሰረማ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ስቲከር አይለጠፍባት። አበባ ያለበት መጋረጃ መስቀል "እዚህ ሰው ተኝቷል" ብሎ እንደ መጮህ ነው። መስኮቱን በልኩ በተቆረጠ ብርማ የሙቀት መከላከያ ሸፍነው። በውጭ በኩል በሚታየው ጎኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ለጥፍበት። ላላፊ አግዳሚው የጠቆረ መስታወት ይመስለዋል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ የምትውልበትና የምታድርበት ቦታ አንድ አይሁን። እራትህን ሌላ ቦታ ብላ። ጅም ገብተህ ታጠብ፣ ጥርስህንም እዚያው ቦርሽ። ለመኝታ ተዘጋጅተህ፣ ከጨለመ በኋላ ወደምታድርበት ቦታ ሂድ። ሞተሩን አጥፋና ተኛ። ሳይነጋ ተነስተህ ሂድ። በር አታላጋ። አንድ መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት አትደጋግም።

የሚያሳጣህ ትንፋሽህ ነው። በብርድ ጊዜ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ይጤዛል። ጠዋት ሰዉ ውሻውን ይዞ ሲወጣ፣ በመንገዱ ላይ ከቆሙት መኪኖች ከውስጥ ጉም የለበሰችው ያንተ ብቻ ትሆናለች። ስለዚህ ብርድም ቢሆን መስኮት በትንሹ ከፍተህ ነው የምትተኛው። ለማሞቅ ብለህ ተዘግቶ በተተኛበት መኪና ውስጥ የጋዝ ምድጃ እንዳታበራ። አገር ቤት ከሰል አስገብቶ ተኝቶ በዚያው የቀረ ሰው ታሪክ ያልሰማ የለም። ገዳዩ ጋዝ ያው ነው። ሽታም የለውም።

ቡና አትቁላ። ይሄን የምለው ቀምሼው ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት ናፍቆት አሸነፈኝ። ትንሿን ምድጃ አውጥቼ፣ የኋላውን በር ገርበብ አድርጌ፣ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና መጥበሻ ላይ ጣል አደረግኩ። ጭሱ መንገዱን ሞላው። ሰፈሩ ውስጥ የምትኖር አንዲት ሴትዮ ሮጣ መጣችና መኪናውን ደበደበች። የሚቃጠል መስሏት ነው። በሩን ስከፍት አልጋዬን አየችው። ብርድ ልብሱን፣ የተሰቀለውን ሸሚዝ፣ ጀበናዋን አየች። "ደህና ነህ?" አለችኝ። ደግ ሴት ነበረች። ቢሆንም በዚያ መንገድ ዳግመኛ አላደርኩም። ገመናዬ ተገልጧላ።

እንግዲህ ዘዴው ይሄው ነው፤ ይሠራል። ግን ከማን ነው የምንደበቀው?

አንደኛው ከሕግ ነው። ሲያትል ውስጥ በከተማው መንገድ ላይ መኪና ከ72 ሰዓት በላይ አንድ ቦታ መቆም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የእጅ ሙያተኛ ይሄ ደንብ ደረሰበት። የሚኖረው ፒክአፕ መኪናው ውስጥ ነበር። የሙያ ዕቃዎቹም እዚያው ውስጥ ነበሩ። እሱ ሥራ ላይ እያለ መኪናውን ጎትተው ወሰዱበት። ለማስለቀቂያ የተጠየቀው 547 ዶላር ከ12 ሳንቲም ነው። በወር የሚያገኘው ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም። ክርክሩ እስከ ዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2021 ፍርድ ቤቱ መኪናው መኖሪያ ቤቱ ነው፣ ክፍያውም ከአቅሙ በላይ የሆነ ቅጣት ነው ብሎ ፈረደለት። ትልቅ ፍርድ ነው። ሆኖም የ72 ሰዓቱ ደንብ ራሱ አልፈረሰም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2024፣ ኦሪገን ውስጥ ካለች ግራንትስ ፓስ የምትባል ትንሽ ከተማ በመጣ ጉዳይ፣ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ከተሞች ውጭ የሚያድርን ሰው መቅጣት ይችላሉ አለ። መጠጊያ ባይኖረውም እንኳ።

ትራክ የሚነዱ ወንድሞቻችንን ደግሞ እዩልኝ። በዚህ አገር ሀበሻ የትራክ ሾፌር ብዙ ነው። የፌዴራሉ ሕግ 11 ሰዓት ከነዳ በኋላ ቢያንስ 10 ሰዓት እንዲያርፍ ያስገድደዋል። የት ነው የሚያርፈው? እዚያው ትራኩ ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ። አገር ቤት ሲወራ "ልጄ ትራክ ይነዳል" ይባላል፣ በኩራት። ይኸው ሰው ትራኩን ትቶ በራሱ ቫን መንገድ ዳር ቢተኛ ስሙ ይለወጣል። እንቅልፉ ግን ያው እንቅልፍ ነው። ባለ መቶ ሺህ ዶላሩን መርሴዲስ ስፕሪንተር ይዞ ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ፎቶ የሚነሳውማ ጭራሽ "ነፃነት" ይባልለታል። እሱ መደበቅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መደበቅ ከራሳችን ሰው ነው። ይሄ ከፖሊሱ ይብሳል።

እናቴ በቪዲዮ ስትደውል መጀመሪያ አላነሳም ነበር። ተነስቼ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሄድና፣ ደህና ግድግዳ ያለበት ጥግ ፈልጌ መልሼ እደውላለሁ። "ቤትህ እንዴት ያምራል!" ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ "የት ሰፈር ነህ?" ይሉኛል። "እዚሁ ሬይነር መንገድ ላይ" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ቫኗ የምታድረው አንዳንዴ ሬይነር ላይ ነው። ቡና ሲጠሩኝ እሄዳለሁ። መልሼ ግን መጥራት አልችልም። ሁለቴ ሦስቴ ሄዶ መልሶ ያልጠራ ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቀስ በቀስ መሄዱን ተውኩት። ሥራዬን ለማጣት ጫፍ ላይ ስደርስ ሊረዳኝ የሚችል ሰው ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያስብ ነበር። ይሉኝታ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ለልጁ ከዘዴው ቀጥሎ የነገርኩት ይሄን ነው። ከፖሊስ ተደበቅ፣ ምንም አይደል። አድራሻህን ግን አትደብቅ። ጉዳዩ የኩራት ብቻ አይደለም። ዜጋ ያልሆነ ሰው አድራሻ ሲቀይር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ለብቻው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ያሳውቃል። የቀጠሮ ወረቀት በድሮ አድራሻህ ከደረሰና ከቀረህ፣ በሌለህበት ከአገር እንድትወጣ ሊወሰንብህ ይችላል። ቫን ደግሞ የፖስታ ሳጥን የለውም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰው ማወቅ አለበት። ፖስታህን የሚቀበል፣ ተቀብሎም ያልከፈተውን ቶሎ የሚሰጥህ።

ሌላም ጣጣ አለ። በየጥር ወር መጨረሻ አካባቢ፣ በአንድ ሌሊት፣ በመላው አሜሪካ ቤት የሌላቸው ሰዎች ይቆጠራሉ። የ2024ቱ ቆጠራ ከ770 ሺህ በላይ ሰው አግኝቷል። በብዙ ቦታ ቆጣሪዎቹ መንገድ ለመንገድ እየዞሩ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ምልክት ይፈልጋሉ። ጉም የለበሰ መስታወት፣ የተሸፈነ መስኮት። በደንብ የተደበቀ ሰው እንግዲህ አይቆጠርም። በጀት ሲመደብም እሱ የለም። ስምንት ወር ሙሉ ጎበዝ ነበርኩ፣ ከዚያች ሴትዮ በቀር ማንም አልያዘኝም። በዚያ ጥር በመዝገብ ላይ የነበርኩ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ይሁን? ቤት ሥሩ የሚሉት አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እስኪሠራ ግን ሌሊቱ አይጠብቅም። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ከሲያትል ማዶ ከርክላንድ ውስጥ አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ከ2011 ጀምሮ መኪና ማቆሚያውን መኪና ውስጥ ለሚያድሩ ከፍቷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ባርባራ ከ2004 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ማደሪያዎች አሏት። የዋሽንግተን ስቴት ሕግም በ2020 ጠንከር ብሏል። የሃይማኖት ተቋም በራሱ ግቢ ባለ መኪና አሳድራለሁ ካለ ከተማው ዝም ብሎ ሊከለክለው አይችልም። ተቋሙ በበኩሉ መፀዳጃ ማዘጋጀት አለበት። ቁልፍ የሚከፍት አንድ ሰውና አንድ ሽንት ቤት ማለት ነው።

እኛ ግቢ አለን። ቤተ ክርስቲያኖቻችንም መስጊዶቻችንም አላቸው። ብዙ ዓመት አዋጥተን የገዛናቸው ናቸው። "ማን ይገባል፣ ምን ይመጣል፣ ኢንሹራንሱስ?" የሚሉትን ስጋት አልንቅም። የሚያድረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት ይቻላል፣ ቁጥሩን በአምስት መኪና መወሰንም ይቻላል። ደግሞ ከአምስቱ ውስጥ ሁለቱ እሁድ እሁድ አጠገባችን ቆመው የሚያስቀድሱ እንዳይሆኑ እፈራለሁ።

ሐሳቡን ለአንድ የሰበካ ጉባኤ አባል አቅርቤለት ነበር። በጎ ሰው ነው። "እንነጋገርበታለን" አለኝ። ይሄ ከሆነ አራት ወር አልፏል። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ በግቢው በኩል አለፍኩ። 60 መኪና የሚይዘው ሜዳ መብራቱ በርቶ ባዶውን ነበር። በሩ ላይ ሰንሰለት አለ። ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ መሰላል የታሰረባት አንዲት ነጭ ቫን ቆማለች። መስታወቷ ከውስጥ ጤዛ ይዟል።