አረንጓዴው ጁስ ቤት ጋ ስትደርስ

ከስድስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገባሁ። እህቴ ቤት ቀይራለች። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት። "አረንጓዴው ጁስ ቤት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ..." ብላ ጀመረችና ሳቀች። "ውይ፣ እሱም ግራጫ ሆኗል! በቃ ስልኩን ለሹፌሩ ስጠው።"

በ2016 ዓ.ም. እነ ፒያሳንና አራት ኪሎን ይዞ የጀመረው የኮሪደር ልማት መንገዱን ሲያሰፋ፣ ዳር ዳር ያሉትን ሱቆችም አመድማ ቀለም አልብሷቸዋል። ፋርማሲው፣ ጫማ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ሁሉም ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ መስሏል። ግራጫን አልጠላም፤ አቧራ ይችላል።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። "እናንተ ጋ ሰው ቤቱን እንዳሻው ይቀባል አይደል?" የሚለኝ ዘመድ በዛ። እንደዚያም አይደለም። የከተማዋ አሮጌው ክፍል ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታሪካዊነቱ የተከለለ ነው። እዚያ ቀለም ነክቶት የማያውቅ የጡብ ግድግዳ ለመቀባት ቦርድ ፊት ቀርበህ ታስፈቅዳለህ። ቀለም እርጥበቱን ጡቡ ውስጥ ያፍነዋላ። የቀለሙ ዓይነት ግን የባለቤቱ ጉዳይ ነው። በሩን ብርቱካናማ ቢያደርገው የሚቆጣው ጎረቤት ብቻ ነው።

ደግሞ እዚያ ቀለም ጌጥ ነው። በሩ ቢቀላም ቢጠቁርም ፖስተኛው የሚያየው ቁጥሩን ነው። እኛ ጋ ግን ቀለም የቤት ቁጥር ነበር። "ቀዩ በር"፣ "ሰማያዊው ሱቅ" ብለን ነው እንግዳ የምንቀበለው። ሳር ቤት የሚባል ሰፈር ያለን ሰዎች ነን እኮ! ሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰባ በሬ፣ የወንዶች ፀጉር ቤቱ በር ላይ አንገቱ ከልክ በላይ የረዘመ ጎረምሳ ይሣል ነበር። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሥጋ ቤት ገብታ ፀጉር ልስተካከል ያለችበት ቀን ግን የለም።

እርግጥ እነዚያን ሥዕሎች ያጠፋው ግራጫው ብቻ አይደለም። ታፔላ ጻፊዎቹን ከገበያ ማስወጣት የጀመረው የባነር ህትመት ነው። ያኔ ማናችንም አላለቀስንም።

ማታ ግን ወጥቼ በእግሬ ሄድኩ። ድሮ ጉድጓድ እየዘለልኩ የማልፈው መንገድ ሰፊና ብርሃን በብርሃን ነው። ቤተሰብ ይንሸራሸራል፤ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። አሌክሳንድሪያ ብዙ ቦታ ላይ በዚህ ሰዓት ከውሻና ከባለቤቱ በቀር እግረኛ አታይም። ቀና አልኩ። የጥርስ ክሊኒኩንና ዳቦ ቤቱን ለመለየት ተጠግቼ ማንበብ ነበረብኝ።

የእህቴ ቤት? ሹፌሩ ሁለቴ ዞረና አቆመ። መልሼ ደወልኩላት።

"ወጥቻለሁ" አለችኝ፤ "ቢጫ ሹራብ የለበሰችውን እያት።"