ማን ሰደደህ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራንክፈርት ውስጥ አዲስ ለመጡ የአገሬ ልጆች ጀርመንኛ አስጠናለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ላይ አንዱ ተማሪ ከጋዜጣ ያገኘውን ቃል ይዞ መጣ፤ «ኤለንድ» ይላል። ደብተሩን ለሁለት አጥፎ በግራ ጀርመንኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን የመጻፍ ልማድ አለውና ከመዝገበ ቃላት ተመልክቶ በቀኝ በኩል «መከራ» ብሎ አስፍሮታል። አልተሳሳተም። ግን የቃሉን ጥንት ስለማውቅ ነገርኩት። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው ጀርመንኛ ይህ ቃል «ባዕድ አገር» ማለት ነበር፤ ከወገኑ ተነጥሎ በሰው ምድር የሚኖር ሰው ያለበትን ኑሮ ይጠራበታል። ዘመን ሲገፋ አገሩ ከቃሉ ውስጥ ወጣና መከራው ብቻ ቀረ። ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «መከራ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከበላዩ «ስደት» ብሎ ጻፈ።

ይህ ልጅ ከመተማ ተነሥቶ በካርቱም፣ በሰሃራና በሊቢያ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ በላምፔዱዛ የገባ ነው። ስለ መንገዱ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ያን ዕለት ግን፣ «ጋሼ፣ የእኛውስ ስደት ከምን መጣ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የሌሎቹን አውቅ ነበር። የእንግሊዝኛው «ትራቨል» ከፈረንሳይኛው «ትራቫይ» የመጣ ነው፤ ፈረንሳዮች ዛሬም ሥራን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ የጥንት ፍቺው ልፋትና ሥቃይ ነበር። መንገድ መሄድ መሰቃየት በነበረበት ዘመን የተወለደው ቃል አሁን የአየር መንገድ ማስታወቂያ ላይ ከባሕር ዳርቻ ሥዕል ጋር ይታያል። የራሴን ቃል ግን አፌ ላይ እያመላለስኩት አንድ ቀን እንኳ ሥሩን አልመረመርኩትም። ይህ ቆጨኝ፤ እቤት ገብቼም አላስተኛኝም።

ሥሩ «ሰደደ» ነው። በግእዝ አባረረ፣ አስወጣ ማለት ነው። አማርኛው ይህንን ይዞ ሌላም ጨመረበት፤ ላከ የሚለውን። አባቶቻችን ደብዳቤ ይሰዱ ነበር፤ መልእክተኛ ይሰዱ ነበር። ከዚሁ ግንድ የበቀሉትን መቁጠር ይቻላል፤ ከልካይ የሌለው ልጅ ስድ ነው፤ ያዥ ያጣ እሳት ሰደድ እሳት ነው። በጣም ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ዛፍ መሬት ውስጥ ጠልቆ ሲይዝ «ሥር ሰደደ» እንላለን። ሰውን ከምድሩ የሚነቅለው ግስና ዛፍን በምድሩ የሚተክለው ግስ አንድ ናቸው።

ስደተኛው ደግሞ «ተሰደደ» ነው የሚባለው። በዚያች «ተ» ውስጥ ሌላ ሰው አለ። አንድ ሰው ከተሰደደ ሰዳጅ አለው ማለት ነው። ጀርመንኛው እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጀርመን ሲገቡ የዓመቱ ቃል ተብሎ የተመረጠው «ፍሉሽትሊንገ» ነበር፤ የሸሹ ማለት ነው። ሽሽት የሸሺው ሥራ ነው፤ ሰውየው በገዛ እግሩ ሮጠ ይላል። እኔም ለአገሬ ልጆች ሳስተረጉም «ተሰድጄ ነው» ያሉኝን ሁሉ «ሸሽቼ ነው» እያልኩ ነው ስመልስ የኖርኩት። ቃሉን አሻገርኩት፤ አሳዳጁን ግን እዚያው ጥዬው መጣሁ።

የድሮ ሰዎቻችን ይህን አይረሱም ነበር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወቅት ማኅሌት ሲቆም፣ የእመቤታችን ስደት በተነሣ ቁጥር ሄሮድስ አብሮ ይነሣል። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱሙ ነጃሺ የመጡበት ሂጅራ ሲነገርም ቁረይሾች ሳይጠሩ አይታለፉም። ያሳደደም፣ ያስጠጋም በስሙ ይታወቃል። የማቴዎስ ወንጌልም በአማርኛ «ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ ብፁዓን ናቸው» ነው የሚለው።

ዛሬስ? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ 14 ተረፉ። ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። እኛ እዚህ ስብሰባ ላይ ሻማ አብርተን፣ ስለ ደላላውና ስለ ሾፌሩ ብዙ ተናገርን። ከዚያ ኮንቴይነር በፊት ስለነበረው ነገር የተናገረ አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም።

በጥር ወደ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ወዳለችው አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። መንገድ ዳር ግድግዳ ላይ «ሕገወጥ ስደትን እንከላከል» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቃሉን እንዲህ ስታየው ጥፋቱ በሙሉ የተሳፋሪው ይመስላል፤ የተባረረውን ሰው ለምን ተባረርክ ብሎ መክሰስ። ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቡና አፈላች፤ አንዲት ጎረቤቷ መጡ። ቄጤማው ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ፤ ስኒውን ሲይዙ ጣታቸው ከሥራ ብዛት አልታጠፍ ብሎ በመዳፋቸው ነው የደገፉት። ልጃቸው በአፋር በረሃ በእግሩ ሄዶ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ አሁን ሳዑዲ ነው። ደህንነቱን ጠየቅኳቸው።

«ደህና ነው ይላል፣ ልጄ። መሬቱ ሁለት ጥማድ ነው፤ ለአራት ወንድ ምኑ ይበቃል? ወይፈኑን ሸጬ ትልቁን ሰደድኩት።»

አክስቴ ቀበል አድርጋ «ኧረ እሱ ራሱ ነው እንጂ የሄደው! አንቺ ምን አደረግሽ?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ግን አልተቀበሉም። ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሰው፣ «እኔ ነኝ የሰደድኩት» አሉ በድጋሚ፤ ድምፃቸው ሳይለወጥ። እኚያ እናት ከእኛ ሁሉ ይልቅ ግሱን በትክክል ያውቁታል። ሰዳጅ የሌለው ስደት የለምና፣ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል ባዶውን ቦታ በራሳቸው ሞሉት። መሬቱን ማን አጠበበው? ለጎልማሳ ልጅ ሥራ ማን አሳጣው? ያንን ሁሉ ጥያቄ አንዲት ገበሬ እናት ተሸክመውታል፤ ይህ ፍርድ እንዳልሆነ ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር። ቃል አጠረኝ።

ፍራንክፈርት ስመለስ የሴትዮዋን ነገር ለልጁ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ያንኑ ደብተር ገለጠና «ሰደድኩት የሚለው በጀርመንኛ እንዴት ነው የሚባለው?» አለኝ። በአንድ ቃል አይሆንም አልኩት። ልኬው ነው ካሉ «ሺከን» ነው፤ አባርሬው ነው ካሉ «ፈርትራይበን» ነው። እሳቸው የትኛውን ነው ያሉት? አለኝ። ሁለቱንም አልኩት።

በቀኝ በኩል «ሰደደ» ብሎ ጻፈ። በግራ በኩል ሁለቱን፣ አንዱን ከአንዱ ሥር።